‹‹ሰዓት›› ያልሆነው ሰዓት
በፈጣን የኤሌክትሮኒክስ ቦርዶች ላይ ስለሚዳረሰው መሪ ምት አማርኛ ስያሜዎች የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃል የሚመዘነው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ በመስፈሩ አይደለም፤ አንባቢው ቃሉን ይዞ ወደ ሥራው ሲገባ ሊያደርግ የሚገባውን ለይቶ እንዲያውቅ በማስቻሉ ነው። በዚህ መመዘኛ ሲታዩ፣ በኤሌክትሮኒክስ መስክ በአማርኛ ከሚሠራባቸው ስያሜዎች አንዳንዶቹ ፈተናውን የሚያልፉ አይደሉም። ከእነዚህም ዋነኛው እንግሊዝኛው ‹ክሎክ› የሚለውን በአማርኛ ‹ሰዓት› እያሉ መተርጐም ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ቃልና በዙሪያው የተሰበሰቡትን ባልንጀሮቹን፣ ማለትም ‹ሪፈረንስ›፣ ‹ዲስትሪቢዩሽን›፣ ‹ጂተር› እና ‹ስኪው› የተባሉትን ነው። አምስቱም የሚገናኙት በአንድ ሥራ ላይ ነው፤ ይኸውም በፈጣን ቦርድ ላይ የተደረደሩት ክፍሎች ሁሉ እኩል እንዲራመዱ የሚያደርገውን ምት፣ ሳይዛባ ከምንጩ ወደየክፍሉ የማድረስ ሥራ ነው።

የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የሙያ ቃላት ጥናት ረጅም መንገድ ተጉዟል። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም የዚሁ ድካም ፍሬ ነው። መስኩ ግን አይቆምም። ያ መጽሐፍ በታተመበት ጊዜ የሴኮንድ ትሪሊዮንኛ የጥቂት ልዩ ሙያተኞች ጭንቀት ነበር፤ ዛሬ ግን በየጠረጴዛው ላይ በሚቀመጥ ኮምፒዩተር ውስጥ የሚሠራበት ልክ ሆኗል። ስለዚህ ቃላቱን በአዲስ ዐይን ማየት ያስፈልጋል።

ለማሳያ ያህል እኛው ያቀናበርነውን አንድ ዐረፍተ ነገር እናስቀድም። ቸኩሎ የሚተረጉም ሰው ወይም የትርጉም መሣሪያ የሚያወጣው ጽሑፍ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

‹‹ዝቅተኛ መንቀጥቀጥ ያለው ማጣቀሻ ሰዓት በከፍተኛ ፍጥነት ቦርዱ ላይ በትክክል መሰራጨት አለበት።››

በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አማርኛ ያልሆነ ቃል ከ‹ቦርድ› በቀር የለም። ሰዋስዉም ቢሆን ብዙ የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም ዐረፍተ ነገሩ ምንም አይናገርም። ‹መንቀጥቀጥ› የምድርን መናወጥ፣ ‹ማጣቀሻ› የመጽሐፍን ግርጌ፣ ‹ሰዓት› የእጅ አንጓን፣ ‹መሰራጨት› የራዲዮ ጣቢያን ያስታውሳል። አራቱ ቃላት አራት ወደ ተለያዩ ስፍራዎች ይበተናሉ እንጂ ወደ አንድ ቦርድ አይሰበሰቡም።

1. አንድ ስፍራ በሦስት ስም፤ ሦስት ነገር በአንድ ስም

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው፣ በአቅራቢያዋ የአፄ ሠርፀ ድንግል (እ.ኤ.አ. 1563-1597) እንደሆነ የሚነገርለት የጉዛራ ግንብ ያለባት ከተማ ስሟ በጽሑፍ አንድ ዓይነት አይደለም። እንፍራንዝ፣ እንፍራዝ፣ እምፍራዝ እየተባለ ሲጻፍ ይታያል። ለቋንቋ ተመራማሪ የሁለተኛውና የሦስተኛው ልዩነት እንግዳ አይደለም፤ ‹ን› ከከንፈራዊው ‹ፍ› ሲጠጋ ወደ ‹ም› ማዘንበሉ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለው መለያየት ለካርታ ሠሪና ለመዝገብ ያዥ ችግር ቢሆንም፣ መንገደኛን መንገድ አያስትም። ሦስቱም ስሞች የሚያደርሱት ወደ አንዲት ከተማ ነውና።

የ‹ሰዓት› ችግር የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። በተለመደው አማርኛ ቃሉ ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ይሸከማል፤ የቀኑን ሃያ አራተኛ ክፍል (‹ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ›)፣ የጊዜን ነጥብ (‹ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት›) እና ጊዜን የሚያሳየውን መሣሪያ (‹ሰዓቴ ቆመ›)። ዐውዱ ስለሚለያቸው ሦስቱ ተስማምተው ኖረዋል። አሁን በአራተኛነት የሚጨመርባቸው፣ ጊዜን የማይነግር፣ ክፍለ ቀንን የማይቈጥር፣ በሴኮንድ መቶ ሚሊዮን ጊዜ የሚነሣና የሚወድቅ የኤሌክትሪክ ምት ነው።

ጉዳቱ የሐሳብ ብቻ አይደለም። በአንድ ቦርድ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ክሪስታሎች ጐን ለጐን ይገኛሉ። አንደኛው በሴኮንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብ ነው፤ ይህ ቍጥር ሁለት በራሱ ዐሥራ አምስት ጊዜ ሲባዛ የሚገኝ ስለሆነ፣ በተደጋጋሚ በሁለት ሲካፈል ልክ አንድ ሴኮንድ ይሰጣል። እውነተኛው ሰዓት እሱ ነው፤ ቀኑንና ሰዓቱን የሚይዘው። ሁለተኛው በሴኮንድ 25 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብና የቀረውን ቦርድ የሚያራምድ ነው፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ አያውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገውም። ሁለቱንም ‹ሰዓት› ብሎ የጻፈ የጥገና መምሪያ፣ ‹ሰዓቱን ፈትሽ› ሲል የቱን ማለቱ እንደሆነ ጠጋኙ በምን ያውቃል? ወይ ደኅናውን ነቅሎ ይጥላል፣ ወይ የኮምፒዩተሩን ሰዓት ከሦስት ወደ ዘጠኝ አዙሮ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል። በእኛ አገር የሰዓት አቈጣጠር ከውጭው በስድስት ሰዓት የሚለይ ስለሆነ፣ ‹ሰዓት ማስተካከል› የሚለው ሐረግ አስቀድሞም ሥራ የበዛበት ነው። ‹የሰዓት ልዩነት› የሚለውም እንዲሁ በአዲስ አበባና በሌላ አገር ከተማ መካከል ያለውን የሚያመለክት የጸና ሐረግ ነው፤ የ‹ክሎክ ስኪው› ትርጉም እናድርገው ብንል ማንም አይረዳንም።

2. ነገሩን ከቃሉ አስቀድሞ ማወቅ

የእነዚህ ትርጉሞች የጋራ ስሕተት ነገሩን ትቶ የእንግሊዝኛውን ዘይቤ መተርጐማቸው ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የሰዓትን ስም ለዚህ ምት ማዋሳቸው የእነሱ የቋንቋ ታሪክ ነው፤ እኛ የምንወስደው ነገሩን እንጂ ታሪካቸውን አይደለም።

ነገሩን ለመረዳት በእንፍራንዝ ወይም በማናቸውም የደጋ ከተማ በጥምቀት ዕለት ታቦት ሲሸኝ የሚታየውን ሰልፍ ማሰብ ይበቃል። ከበሮው ከፊት ይመታል። ዘማሪው፣ ጭብጨባው፣ የእግር ርምጃው ሁሉ ያንን ምት ይጠብቃል። የከበሮው ምት ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማንም አይነግርም፤ የሚነግረው ‹አሁን!› የሚለውን ብቻ ነው። የቦርዱም ምት ሥራው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ዓይነት ጉድለት ሊደርስ ይችላል። አንደኛ፣ ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከከበሮው 34 ሜትር ወደ ኋላ የቀረ ሰው ምቱን የሚሰማው በሴኮንድ ዐሥረኛ ዘግይቶ ነው። መታውን እንጂ ርቀቱን እስካልቀየረ ድረስ መዘግየቱ አይለወጥም። ሁለተኛ፣ የመቺው እጅ ምንም ቢሠለጥን፣ አንዱ ምት ከቦታው በጥቂቱ ቀድሞ፣ ሌላው በጥቂቱ ዘግይቶ ያርፋል። ይህ በየምቱ የሚለዋወጥ ነው። ሦስተኛ፣ መቺው እየደከመው ሲሄድ ምቱ ቀስ በቀስ ይረግባል፤ ሲበረታ ደግሞ ይፈጥናል። ይህ በአንድና በሁለት ምት የሚታወቅ ሳይሆን በረጅም ጊዜ የሚስተዋል ነው። እንግሊዝኛው የመጀመሪያውን ‹ስኪው›፣ ሁለተኛውን ‹ጂተር›፣ ሦስተኛውን ‹ዋንደር› ይላቸዋል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የሚለየው በቍጥር ነው፤ በሴኮንድ ከ10 ጊዜ በላይ የሚመላለሰው ‹ጂተር›፣ ከዚያ በታች የሆነው ‹ዋንደር› ይባላል።

ልኩን በቦርዱ ላይ ስናየው ጠባብነቱ ያስደንቃል። ለቦርድ ሥራ በተለመደው የመስተዋት ጭረትና ሙጫ ሰሌዳ ውስጥ ምልክት በአንድ ናኖ ሴኮንድ የሚጓዘው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በሁለት መስመሮች መካከል የ1 ሚሊ ሜትር የርዝመት ልዩነት የ7 ፒኮ ሴኮንድ ያህል መዘግየት ያመጣል፤ ፒኮ ሴኮንድ የሴኮንድ ትሪሊዮንኛ መሆኑን ልብ ይሏል። የኮምፒዩተር ክፍሎችን የሚያገናኘው ፒ.ሲ.አይ. ኤክስፕረስ የተባለው ደንብ መሪው ምት በሴኮንድ 100 ሚሊዮን ጊዜ እንዲመታ ያዛል። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ለምቱ አለመርጋት የፈቀደው ልክ 1 ፒኮ ሴኮንድ ነበር፤ በ2017 በወጣው አራተኛው እትም ወደ ግማሽ ወረደ፤ በ2019 በወጣው አምስተኛው እትም ደግሞ ወደ 0.15 ፒኮ ሴኮንድ ጠበበ። እንዲህ ባለ ጠባብ ስፍራ ውስጥ ሦስቱን ጉድለቶች በአንድ ‹የሰዓት መዛባት› መጠቅለል ሕመሞችን ሁሉ ‹በሽታ› ብሎ እንደማለፍ ነው። መድኃኒታቸው የተለያየ ነውና፤ የመጀመሪያው መስመሮችን በማስተካከል ይድናል፣ ሁለተኛው ግን በመስመር ርዝመት አይድንም።

3. ‹ምት›፣ ‹ትርታ›፣ ‹መረግድ›

ለ‹ክሎክ› ሦስት አማርኛ ቃላት ሊታጩ ይችላሉ። ‹ትርታ› ውብ ቃል ነው፤ ነገር ግን ከሕያው አካል ጋር የተጣበቀ ነው፤ ደግሞም ለአንዲት ነጠላ የኤሌክትሪክ ነዘር ስም ቢሆን ይሻላል። ‹መረግድ› በአቋቋም ትምህርት የተከበረ ቃል ነው። የአቋቋም ማስመስከሪያ በሆነው በጎንደር በአታ የሚማሩ ደቀ መዛሙርት ዝማሜን፣ ንዑስ መረግድን፣ ዐቢይ መረግድንና ጽፋትን እያንዳንዱን ከሌላው ለይተው ያውቃሉ። ቃሉ ‹ረገደ› ከሚለው ግዕዝ የወጣ ሲሆን የእግርን ርግጫና የከበሮን ስልት በአንድነት ይይዛል። ነገር ግን መረግድ በሥራ ላይ ያለ፣ ባለቤት ያለው ስያሜ ነው። ሕያውን የሙያ ቃል ከባለሙያዎቹ ነጥቆ ለሌላ ሙያ መስጠት የቃላት ፈጠራ ሳይሆን ሌላ ድርብርብ መፍጠር ነው። ከዚህ ትውፊት የምንማረው ቃሉን ሳይሆን ዘዴውን ነው፤ በእንቅስቃሴና በስልት የሚለያየውን ነገር ሁሉ በስም መለየትን።

የቀረን ‹ምት› ነው። ‹የከበሮ ምት›፣ ‹የልብ ምት› የሚሉትን ማንም ያውቃል፤ በግጥም ጥናትም ‹ምት› የታወቀ ቃል ነው። በጤና ጣቢያ የልብ ምት በደቂቃ ስንት እንደሆነ የተቈጠረለት ገበሬ ሁሉ ምት የሚቈጠር፣ የሚፈጥን፣ የሚዘገይ፣ የሚዛባ ነገር መሆኑን ተረድቷል። በግዕዝ ‹ምት› ባል ማለት መሆኑ ለአማርኛ አንባቢ እንቅፋት አይሆንም። በተጨማሪ ‹ምት› እንግሊዝኛው ያላደረገውን ልዩነት እንድናደርግ ይፈቅድልናል። እንግሊዝኛው ‹ክሎክ› እያለ አንዳንድ ጊዜ ምቱን፣ አንዳንድ ጊዜ የሚመታውን ክፍል ይጠራል። እኛ የመጀመሪያውን ‹ምት›፣ ሁለተኛውን ‹ምት አመንጪ› ብንል ከምንጩ ቋንቋ የጠራ ትርጉም እናገኛለን።

ለ‹ሪፈረንስ› የተለመደው ‹ማጣቀሻ› በመጽሐፍ ጥናት ጸንቷል፤ እዚያው ይቈይ። ‹ዋቢ› ከፍርድ ቤት ቃልነቱ ተነሥቶ ወደ ‹ዋቢ መጻሕፍት› ያለፈ በመሆኑ እሱም የዚያው ቤተሰብ ነው። እዚህ የሚፈለገው ሌሎች ምቶች የሚከተሉት፣ ራሳቸውንም ከእሱ እያስተያዩ የሚያርሙበት ምት ነው። ‹መሪ ምት› ይህን በሙሉ ይናገራል። መሪው ባለበት ተመሪ አለ፤ ተመሪው ሲስት ወደ መሪው ይመለሳል። ከመሪው ምት ጋር የራሱን እያስተያየ የሚያርመውን፣ ሙያተኞች ‹ፒ.ኤል.ኤል.› የሚሉትን ክፍል ‹ምት አስማሚ› ማለት ይቻላል። በዚህ ስያሜ ውስጥ ‹ፌዝ› የሚለውን ቃል ሆን ብለን ትተነዋል፤ ‹ሦስት ፌዝ› በኤሌክትሪክ ሠራተኞች ዘንድ የለመደ ቢሆንም፣ ‹ፌዝ የሚቈልፍ› ብሎ የሚጀምር ትርጉም አንባቢውን ቀልድ የሚከለክል ሕግ የወጣ ሊያስመስለው ይችላል።

4. ማከፋፈል ያሳንሳል፤ ማዳረስ አያሳንስም

‹ዲስትሪቢዩሽን› የሚለው ‹ስርጭት› ወይም ‹ማከፋፈል› ሲባል እንሰማለን። ‹ስርጭት› የዜናና የወረርሽኝ ጠባይ አለው፤ ተቀባዩ ማን እንደሆነ አይለይም። ምቱ ግን የሚላከው ለታወቁ ክፍሎች፣ በታወቁ መስመሮች ነው። ‹ማከፋፈል› የባሰ ነው። የሚከፋፈል ነገር ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ቍራሽ ነው፤ ለዐሥር የተከፋፈለ እንጀራ ለአንዱ ዐሥረኛ ነው። በዚህ መስክ ደግሞ ምትን በእርግጥ የሚያካፍል፣ ማለትም በሴኮንድ 100 ሚሊዮን የነበረውን ወደ 50 ወይም 25 ሚሊዮን የሚያወርድ ሌላ ክፍል አለ። ሁለቱን በአንድ ግስ የጠራ ትርጉም ምቱን ማድረስንና ምቱን መቀነስን አንድ አድርጓል።

‹ማዳረስ› ይህ ሁሉ ችግር የለበትም። ጠበል ወይም ሰላምታ ሲዳረስ፣ ሁሉም ሙሉውን ያገኛል፣ የቀረም ሰው አይኖርም። የምት ማዳረስ ሥራ ዓላማም በትክክል ይኸው ነው። ምንጩን ሳያዳክሙ፣ ለእያንዳንዱ ተቀባይ ምሉዕ ምት፣ በእኩል ቅጽበት። ግሱን ስንቀበል ግን ከእርባታው አንዱን መተው ግድ ይላል፤ የአድራጊው ስም ‹አዳራሽ› ይሆናልና፣ እሱ ደግሞ ሰው የሚሰበሰብበት ቤት ነው። ስለዚህ ከአንድ መግቢያ ተቀብሎ በብዙ መውጫዎች የሚሰጠውን ክፍል በመሣሪያ ስም ‹ምት ማዳረሻ› ብንለው ይሻላል።

‹ማዳረስ› የሥራውንም ዘዴ ያመለክታል። በፈጣን ቦርድ ላይ አንዱን መስመር በመንገድ ላይ እየገነጠሉ ለብዙ ክፍሎች መስጠት አይመከርም፤ ለእያንዳንዱ ክፍል ከማዳረሻው የራሱ መስመር ይወጣለታል። ምክንያቱም ምልክት ቅርንጫፍ ሲያገኝ ወይም መጨረሻው በተገቢው ተቃውሞ ሳይዘጋ ሲቀር ከፊሉ ወደ መጣበት ይመለሳል። ይህን መመለስ ‹ነጸብራቅ› የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ነጸብራቅ የብርሃን ነው፣ ዐይን ይፈልጋል። ገደል ፊት ቆሞ የጮኸ ሰው የሚያውቀው ‹ማሚቶ› ከነገሩ ጋር ይበልጥ ይስማማል፤ ዘግይቶ ይመለሳል፣ ከሚቀጥለውም ድምፅ ጋር ይደባለቃል።

5. ‹ጂተር› እና የአቀበቱ ጉዳይ

ትልቁ ክርክር በ‹ጂተር› ላይ ነው። ‹መንቀጥቀጥ› በስፍራ የሚሆን መናወጥ ነው። በተለይ አደገኛ የሚያደርገው፣ ክሪስታል በእርግጥ ሲንቀጠቀጥ ምቱ ስለሚታወክ ምክንያቱንና ውጤቱን በአንድ ስም መጥራቱ ነው። ‹መዋዠቅ› የመጠን ከፍ ዝቅ ማለት ነው፤ ‹የኀይል መዋዠቅ› ማለትን ቴሌቪዥኑ የተቃጠለበት ሁሉ ያውቃል። አንባቢው የቮልት ችግር ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ‹ወለምታ› ከቦታ ለጥቂት መውጣትን ጥሩ አድርጎ ይናገራል፤ ነገር ግን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንደተባለው፣ ወለምታ አንድ ጊዜ የሚደርስ ጉዳት ነው። የምቱ አለመርጋት ግን አንድም ጊዜ አያቋርጥም።

እኛ የምንመርጠው ‹መርገብገብ› የሚለውን ነው። የዐይን ቆብ ሲርገበገብ እንቅስቃሴው ትንሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ በአንድ ስፍራ ዙሪያ የሚመላለስ ነው፣ ርቆም አይሄድም። አራቱም ጠባዮች የነገሩ ጠባዮች ናቸው። ክሪስታሉ ራሱም ‹ይርገበገባል› መባሉ ስለማይቀር፣ ሙሉው ስያሜ ‹የምት መርገብገብ› መሆን አለበት። ለ‹ስኪው› ከ‹ዝንፈት› የተሻለ ማግኘት አይቻልም፤ ‹ዝንፍ አይልም› የሚለው አነጋገር ከቀጠሮ ጋር የኖረ ነው። ለ‹ዋንደር› ‹ፈቀቅታ› እንላለን፤ ቀስ ብሎ ፈቀቅ ማለትን ያሳያልና።

ምቱ ከታች ወደ ላይ የሚሻገርበትን ቅጽበት እንግሊዝኛው ‹ኤጅ› ስለሚለው፣ በአማርኛ ‹ጠርዝ› ተብሏል። ይህ ትርጉም ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን የነገሩን ቁም ነገር ይሰውራል። ጠርዝ ወይ አለ ወይ የለም፤ ዳገታማነት የለውም። በዚህ ሥራ ውስጥ ግን ወሳኙ ዳገታማነቱ ነው። ምልክቱ በ1 ናኖ ሴኮንድ 1 ቮልት የሚወጣ ከሆነ፣ የ1 ሚሊ ቮልት ሁካታ ቅጽበቱን በ1 ፒኮ ሴኮንድ ያዛባዋል። አወጣጡ ሁለት እጥፍ ቢቆም፣ ያው ሁካታ የሚያዛባው በግማሽ ፒኮ ሴኮንድ ብቻ ነው። እንግዲህ መርገብገብን ለመቀነስ አንዱ መንገድ አወጣጡን ማቆም ነው። ‹አቀበት› እና ‹ቁልቁለት› የሚሉት ቃላት ይህን እውቀት በውስጣቸው ይዘዋል። በደጋ ያደገ ተማሪ ‹ቀጥ ያለ አቀበት› ሲባል ወዲያው ይገባዋል፤ ‹ቀጥ ያለ ጠርዝ› ግን ሌላ ማብራሪያ ይጠይቃል። ጥሩ የሙያ ቃል የማስተማርን ሥራ በከፊል ራሱ ይሠራል የምንለው ስለዚህ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ስውር ስሕተት አለ። ማዳረሻው በምቱ ላይ ከራሱ የሚጨምረውን መርገብገብ ‹ተደማሪ› ብሎ መተርጐም የተለመደ የቃል በቃል መንገድ ነው። ‹ተደማሪ› የሚል ቃል ያነበበ ሰው ይደምራል። ምንጩ 100፣ ማዳረሻው 50 ፌምቶ ሴኮንድ ቢኖራቸው፣ 150 ብሎ ይጽፋል። እውነቱ ግን 112 ያህል ነው። ሁለቱ መርገብገቦች በዘፈቀደ የሚሆኑና የማይተዋወቁ ከሆኑ የሚደመሩት ካሬዎቻቸው ናቸው፤ 10,000 እና 2,500 ተደምረው 12,500 ሲሆኑ የዚህ ካሬ ሥር 112 ያህል ነው። ስለዚህ ‹ጭማሪ መርገብገብ› እንበል፤ ጭማሪ መኖሩን እንጂ የሒሳቡን ስልት አይወስንምና።

6. ሊነሡ ስለሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ‹ሙያተኞቹ ክሎክና ጂተር እያሉ ይግባባሉ፤ ምን አደከማችሁ?› የሚል ነው። እኛ የውሰት ቃል ጠላት አይደለንም። ‹ቦርድ›ን፣ ‹ክሪስታል›ን፣ ‹ቮልት›ን በዚህ ጽሑፍ ሳንሸማቀቅ ተጠቅመናል። ‹ሰርኪዩት›ንም በዚህ መስክ እንደ ውሰት መያዝ ይሻላል እንላለን፤ ምክንያቱም በትምህርት ቤት መጻሕፍት የተለመደው ‹ዑደት› የምትን አንድ ዙርም ስለሚጠራ ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ ይጋጫሉ። ደረጃው በእኛ አስተያየት እንዲህ ነው፤ ትክክለኛ አማርኛ ይቀድማል፣ ውሰት ይከተላል፣ የተሳሳተ አማርኛ ከሁሉ ኋላ ይሰለፋል። ‹ክሎክ› ያለ ሰው ቢያንስ አላወቀውም እንጂ አልተሳሳተም፤ ‹ሰዓት› ያለ ግን ያወቀ ይመስለዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከተቃራኒው ወገን የሚመጣ ነው። ‹ባሕረ ሐሳብ ለጥቃቅን ጊዜ ስም አለው፤ ለምን ፒኮ ሴኮንድ እንላለን?› ይባላል። በእርግጥም ባሕረ ሐሳብ ዕለትን በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮስን በ60 ካልዒት፣ ካልዒትን በ60 ሣልሲት፣ እንዲህ እያለ በራብዒትና በኃምሲት አልፎ እስከ ሳድሲት ይከፍላል። ሒሳቡን ብንሠራው ኬክሮስ 24 ደቂቃ፣ ካልዒት 24 ሴኮንድ፣ ሣልሲት የሴኮንድ አራት ዐሥረኛ፣ ሳድሲት ደግሞ ከ2 ማይክሮ ሴኮንድ ያነሰ፣ 1.85 ያህል ይሆናል። ሊቃውንቱ ያለ መሣሪያ በሐሳብ ብቻ እዚህ መድረሳቸው የሚያኰራ ነው። ነገር ግን ሥርዐቱ በስልሳ የሚሄድ ሲሆን የዛሬው መለኪያ በሺህ ይሄዳል፤ ሳድሲትም ከ1 ፒኮ ሴኮንድ ወደ ሁለት ሚሊዮን ጊዜ የሚጠጋ ይበልጣል። ስሞቹን ወስደን ለሌላ መጠን ብንሰጥ ባሕረ ሐሳብን እናበላሻለን፤ መለኪያውንም አናገኝም። እያንዳንዱ ሥርዐት በስፍራው ይክበር።

7. የውሳኔ ሐሳብ

በዚህ መሠረት ለ‹ክሎክ› ምት፤ ለሚያመነጨው ክፍል ምት አመንጪ፤ ለ‹ሪፈረንስ ክሎክ› መሪ ምት፤ ለ‹ክሎክ ዲስትሪቢዩሽን› ምት ማዳረስ፤ ለመሣሪያው ምት ማዳረሻ፤ ለ‹ፒ.ኤል.ኤል.› ምት አስማሚ፤ ለ‹ጂተር› የምት መርገብገብ፤ ለ‹ስኪው› ዝንፈት፤ ለ‹ዋንደር› ፈቀቅታ፤ ለሁለቱ የ‹ኤጅ› ዓይነቶች አቀበትና ቁልቁለት፤ ለመስመር ‹ሪፍሌክሽን› ማሚቶ እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። ‹ሰዓት› ቀንና ሰዓትን ለሚይዘው ክፍል ብቻ ይቀመጥ።

በመጀመሪያ ያቀረብነው ዐረፍተ ነገርም በእነዚህ ቃላት ሲጻፍ ‹‹በፈጣን ቦርድ ላይ መርገብገቡ ያነሰ መሪ ምት ለየክፍሉ ያለ ዝንፈት መዳረስ አለበት›› ይሆናል። ይህን ያነበበ ተማሪ ገና መሐንዲስ አልሆነም፤ ነገር ግን ምን እንደሚፈለግበት ያውቃል፤ ቀጥሎ የሚጠይቀው ጥያቄም ትክክለኛ ይሆናል።

ተርጓሚዎች እነዚህን ስያሜዎች ከመቀበላቸው ወይም ከመጣላቸው በፊት በሥራ እንዲፈትኗቸው እንጠይቃለን። ፈተናውም ቀላል ነው። ከቦርዶቹ ሁሉ ርቆ ባለ ከተማ፣ በእንፍራንዝም ይሁን በሌላ፣ እንግሊዝኛውን ያላየ ጠጋኝ ቃሉን አንብቦ እጁን ወደ የትኛው ክሪስታል ይዘረጋል? ወደ ተገቢው ከዘረጋ ቃሉ ይጽና፤ ካልዘረጋ፣ የእኛም ሐሳብ ቢሆን ይታረም።